በጋ የተኛችው ዝንብ አጥማጅ

ፋንታ ከሞጣ ቢቸና ድረስ በጭነት መኪና ላይ አቧራ እየጠጣ የመጣው ገናን ከጓደኞቹ ጋር ሊያከብር እንደ ሆነ ለእናቱ ነግሯቸዋል። ውሸቱን ነው። ገና ሞጣም ይከበራል። እግሩን ያስነሣችው ሰብለ ወንጌል ኅዳር ላይ በላከችለት ደብዳቤ ግርጌ የሰፈረች አንዲት መስመር ናት። «ሽማግሌ አሁን እንዳትልክ። እስከ መጋቢት ታገሠኝ፤ ለምን ብለህ ግን አትጠይቀኝ» ትላለች።

አፍቃሪን «ለምን አትበል» ማለት ምን ማለት እንደ ሆነ የደረሰበት ያውቀዋል። አፉ እሺ ይላል፤ ሆዱ ግን ከዚያች ቀን ጀምሮ ሌላ ሥራ የለውም። ፋንታም ጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆሞ ማባዛት ሲያስተምር፣ ቤተ ክርስቲያን ሲሳለም፣ እራት ሲቀርብለት፣ «ለምን መጋቢት?» እያለ ከረመ።

መጨነቁም ያለ ምክንያት አልነበረም። ፋንታ የሸማኔ ልጅ ነው። አባቱ ሞጣ ውስጥ እግራቸውን ከሸማ ጉድጓድ ሰድደው መወርወሪያ ሲወረውሩ አርጅተው ነው እሱን ለሒሳብ አስተማሪነት ያበቁት። ሰብለ ወንጌል ደግሞ የግራዝማች ወልደ ሰንበት ልጅ ናት፤ ቢቸና ዙሪያ የግራዝማችን መሬት ሳይረግጡ ገበያ መድረስ ያስቸግራል። ሁለቱ በአንድ ትምህርት ቤት ሁለት ዓመት አስተምረዋል። በአስተማሪዎች ክፍል በር ሲተላለፉ እሷ ቀና ስትል እሱ ጎንበስ፣ እሱ ቀና ሲል እሷ ጎንበስ እያሉ፣ ዐይን ለዐይን ለመገጣጠም ብቻ መንፈቅ ፈጀባቸው። ከተገጣጠሙ በኋላ ግን የሚያላቅቃቸው አልተገኘም። ባለፈው መስከረም እሱ ወደ ሞጣ ሲዛወር፣ «አባቴን እኔ አለዝባቸዋለሁ፤ ስልህ ሽማግሌ ትልካለህ» ብላው ነበር። አሁን ደግሞ አትላክ አለችው።

የበዓሉ ዕለት ከሰዓት በኋላ ፋንታ አባቱ የሠሩለትን ጋቢ አሳምሮ ደርቦ ግራዝማች ቤት ገባ። ግራዝማች ከነፍስ አባታቸው ከአባ ገብረ ሕይወት ጋር ጠላ ይዘው ተቀምጠዋል። አንገታቸውን ነቅነቅ አድርገው ተቀበሉትና ለበሩ የሚቀርበውን ጫፍ መደብ አመለከቱት።

«አባትህ ደኅና ነው? አሁንም ይሸምናል?» አሉት።

«ደኅና ናቸው ግራዝማች። አሁንም ይሠራሉ» አለ ፋንታ፤ «ናቸው» የምትለዋን ጠበቅ አደረጋት።

በር አጠገብ መቀመጥ ለክብር ባይበጅም ለዐይን ይበጃል። ግቢው ወለል ብሎ ይታየዋል። ከጧት እስከ ማታ ፀሐይ በማይለየው የድንጋይ አጥር ላይ አንዲት ቢጫ የላስቲክ ጣሳ ተቀምጣለች። ጣሳዋን ሲያይ ወዲያው አወቃት። የሚስተር ፖል ተክል ናት።

ሚስተር ፖል የሰላም ጓድ አስተማሪ ነበር፤ ረጅም፣ ሳቂታ፣ አማርኛውን ሲሰብረው እንኳ የሚወደድለት ሰው። ከአገሩ ያስመጣት ይህች ተክል ዝንብ ትበላለች። ቅጠሏ ጫፍ ላይ እንደ ተከፈተ አፍ ያለ ነገር አላት፤ ዳርና ዳሩ ጥርስ የመሰለ ፀጉር አለው። ዝንብ ገብታ ውስጡን ነካ ነካ ስታደርገው ግጥም ይላል። ቢቸና በሙሉ እየመጣ አይቷታል። የግራዝማች ቤት ሠራተኛ ሀብትነሽ ያኔ ሦስት ጊዜ አማትባ፣ «ረቡዕ ዓርብ የማታውቅ! እንዲያው በሑዳዴ ሥጋ ስትበላ ዝም ትባላለች?» ብላ አስቃለች። ባለፈው ሰኔ ፈረንጁ ወደ አገሩ ሲመለስ ተክሏን ለዳይሬክተሩ ወይም ለትምህርት ቤቱ መስጠት ይችል ነበር። የሰጣት ግን ለሰብለ ወንጌል ነው። ፋንታ ያኔ ዝም አለ። እንዲህ ያለው ዝምታ ግን ውሎ አድሮ ማፍጠጡ አይቀርም።

አሁን ከመደቡ ላይ አንገቱን አስግጎ ሲያያት ተክሏ ጠቁራለች። ቅጠሎቿ ሟሽሸው ጣሳዋ ዳር ላይ ተለጥፈዋል። ሞታለች! ፋንታ በዓሉ ያኔ የገባለት መሰለው። እግዜር ይቅር ይበለውና ደስ አለው።

ደስታው ዕድሜ አላገኘም። ሰብለ ወንጌል ከጓዳ ደምጃን አቅፋ ወጣች፤ ክረምቱን ከቆርቆሮው ጣራ የተጠራቀመ የዝናብ ውሃ ነው። ያ ቤት በበጋ ውሃ የሚያገኘው ሀብትነሽ ከሩቅ ምንጭ ወገቧ እስኪጎብጥ ተሸክማ ነው። ሰብለ ወንጌል ግን የክረምቱን ውሃ ለዚያች ጥቁር ጉድ በስኒ ቀዳች። ዙሪያውን ብቻ፣ መሐሏን ሳታስነካ፣ ቀስ አድርጋ አፈሰሰች። አሸዋማውን አፈር በጣቷ ዳሰሰችና መርጠቡን አረጋገጠች። ከዚያ ጎንበስ ብላ አየቻት። ፋንታ ያንን አስተያየት ያውቀዋል፤ የእሱ ብቻ መስሎት የኖረ አስተያየት ነው።

ሰበብ ፈልጎ ወደ ግቢው ወጣ።

«ሞታ የለ እንዴ?» አላት።

«አልሞተችም፤ ተኝታ ነው። በብርዱ ወራት ትተኛለች። ቤት አስገብተው ካሞቋት ነው የምትጎዳው፤ ብርዱ ያስፈልጋታል። የምንጭ ውሃ ከነኳት፣ ፍግ ካደረጉባት ትሞታለች። ውሃው የዝናብ፣ እሱም ጥቂት። ከዚያማ...» ብላ አቋረጠችና አባቷ ወደ ተቀመጡበት ገልመጥ አለች።

«ሁሉን ነግሮሻል።»

«ማን?»

«ባለቤቷ ነዋ።»

ሰብለ ወንጌል ዐይኑን ፈለገች፤ ፋንታ ግን ጣሳዋን እያየ ነው። «ይህን ያህል የምትሳሽላት ለምንድን ነው?»

ፊቷ ቲማቲም መሰለ። «አሁን አልነግርህም» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፤ «እስከ መጋቢት ብዬህ የለ?»

እንግዲህ መጋቢትና ተክሏ አንድ ላይ ገጠሙ። ፋንታ የሒሳብ አስተማሪ ነውና እዚያው ቆሞ ደመረ። ድምሩ ሚስተር ፖል ሆነ።

*

ያረፈው ከድሮ ባልደረባው ከመምህር አካለ ወልድ ዘንድ ነው። አካለ ወልድ ክፋት የለበትም፤ ችግሩ ወሬ ሆዱ ውስጥ አያድርለትም።

«ሚስተር ፖል ለፋሲካ እመጣለሁ ብሎ ለዳይሬክተሩ ጽፏል አሉ» አለ እራት እየበሉ። «ተክሏንም እንዴት ሆነች ብሎ ጠይቋል። ወይ ጉድ! ሰው ናፍቆት ቢመጣ ደግ ነው፤ ለቅጠል ባሕር ማቋረጥ ግን...»

ፋንታ የጠቀለለውን ጉርሻ መልሶ አስቀመጠ። መጋቢት ወጥቶ ሚያዝያ ሲገባ ፋሲካ ነው። አሁን ሁሉም ነገር ልክ መጣ። እሱ ሞጣ ተቀምጦ ሽማግሌ ሲያማርጥ፣ እሷ ቢቸና ላይ የሰው አደራ ውሃ እያጠጣች የባለቤቱን ቀን ትጠብቃለች! «እስከ መጋቢት ታገሠኝ» ማለቷ፣ ያ ካልመጣ ለአንተ እተርፋለሁ ማለቷ ነው። ቢጠይቃት ኖሮ በአንድ ቃል የሚያበቃ ነገር ነበር። ቀናተኛ ግን ጥያቄ አይወድም፤ መልስ ይዞ ነው የሚመጣ።

አካለ ወልድ «አልበላህም እኮ» ሲለው፣ «ጠገብኩ» አለ። እውነትም ጠግቦ ነበር፤ እስከ አንገቱ።

*

በማግሥቱ ጧት ወደ ሞጣ ከመሳፈሩ በፊት ሊሰናበታት ሄደ። ግራዝማችና ሰብለ ወንጌል ለቅሶ ሊደርሱ ወጥተዋል። ሀብትነሽ «ይመለሳሉ፤ ቁጭ በል» ብላው ወደ ማድ ቤቷ ገባች።

ፋንታ አልተቀመጠም። ያ የታኅሣሥ ብርድ ጆሮ ይቆነጥጣል፤ ጣሳዋ አጥሩ ላይ በጤዛ ርሳ ተቀምጣለች። አጠገቧ ቆመ። እሱን ከሞጣ ሲመጣ እንዲያ አላየችውም፤ ይህችን ግን ጎንብሳ አይታታለች። እሱ የደብዳቤ መልስ ሳምንታት ሲጠብቅ ይህች ቀን በቀን ትጎበኛለች። ደግሞ ሬሳ! በቁሙ ከሞተ ነገር አነሰ? አንዱን ቅጠል ሲነካው ተቀንጥሶ ቀረ። ከዚያ በኋላ ያደረገውን እጁ አደረገው ማለት ይቀላል። ጨብጦ ነቀላት። አንድ ነገር ቀጭ ሲል ተሰማው። ወደ አጥሩ ሥር ወረወራት።

ለአንዲት ቅጽበት ደረቱ ቀለል አለው። ቀና ሲል ሰብለ ወንጌል በሩ ላይ ቆማለች።

አልጮኸችም። ነጠላዋ ከትከሻዋ ሲወድቅ አላነሣችውም። በጉልበቷ ተንበርክካ አቧራውን በጣቶቿ ፈለፈለች፤ ያገኘችውን መዳፏ ላይ አስቀምጣ እፍ አለችው። ከጥቁሩ ቅጠል ሥር የነጭ ሽንኩርት ፍንካች የመሰለ፣ ወዝ ያለው፣ ንጣቱ ዐይን የሚይዝ ነገር ነበር። ከሁለት ተሰብሯል።

ፋንታ ሞታለች ባላት ነገር ውስጥ እንዲህ ያለ ሕይወት ይኖራል ብሎ አልጠረጠረም። «ሰብለ...» አለ።

«ሽማግሌህን ነው የነቀልከው» አለችው ቀና ሳትል።

«ምን?»

«የኅዳር ሚካኤል ለት ስለ አንተ ለአባቴ ነገርኳቸው። ሳቁ። ይህችን አሳዩኝ፤ ያኔ መጥቆር ጀምራ ነበር። ‹ይህ ሬሳ ተመልሶ የለመለመ ቀን የዚያን የቁጢት በጣሽ ልጅ ሽማግሌ ቆሜ እቀበላለሁ፤ ኃይለ ሥላሴ ይሙት!› አሉ። አባ ገብረ ሕይወት እየሰሙ። አባቴ በንጉሥ ምለው የቀሩበት ጊዜ የለም። ሲምሉ የሞተች መስሏቸው ነው። እኔ ግን መጋቢት ላይ እንደምትነቃ አውቅ ነበር። አውቅ ነበር ፋንታ! ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌት በብርዱ ደስ እያለኝ፣ ቀን በፀሐዩ ደስ እያለኝ፣ አንተን ነው ውሃ ሳጠጣ የከረምኩት።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ቁጢት በጣሽ ብዬ ልጻፍልህ? አባትህ በደከሙበት ሙያ እንዲህ ተሰደቡ ብዬ በገዛ እጄ ልጻፍልህ?»

ፋንታ መሬቱ ቢከፈት ይገባ ነበር። የበቅሎ ኮቴ ተሰማና ግራዝማች ወልደ ሰንበት ገቡ። ልጃቸውን አቧራ ላይ፣ የሸማኔውን ልጅ አጠገቧ፣ ጣሳዋን ባዶ አዩ።

«ይህን ማን ነቀለው?»

«እኔ ነኝ አባዬ» አለች ሰብለ ወንጌል ፈጥና። «አፈሩን ልለውጥላት ብዬ፤ በብርዱ ወራት ቢለወጥላት ደግ ነው ይባላል።»

አፈር በብርዱ ወራት መለወጡ እውነት ነው፤ የነቀለችው እሷ መሆኗ ግን ውሸት ነው። ለእሱ ብላ ነው የዋሸችው፤ እንዲያ አድርጎ እንኳ። ፋንታ ይህን ሲያይ የቀረችው ወኔ አንድ ላይ መጣች።

«እኔ ነኝ ግራዝማች» አለ። «እኔ ነኝ የነቀልኳት። ቀንቼ ነው።»

«በማን?»

«በፈረንጁ።»

ማድ ቤት በር ላይ ሀብትነሽ አፏን በመዳፏ ያዘች። ወንድ ልጅ ቀንቻለሁ ብሎ በልጅቱ አባት ፊት አይናገርም፤ ያውም በሰው ግቢ ቆሞ። ግራዝማች ከበቅሏቸው ላይ ቁልቁል አዩት። ሊስቁ የፈለጉ ይመስላል፤ አልሳቁም።

«ፈርተኸኝ ትደበቃለህ ብዬ ነበር» አሉ በመጨረሻ። «መሐላዬ መሐላ ነው። ከለመለመች ሽማግሌህ ይምጣ። እስከዚያ እግርህ ይህን ግቢ እንዳይረግጥ።»

ሰብለ ወንጌል ሁለቱን ስባሪ አሸዋውን አርጥባ መልሳ ስትተክል ጎንበስ ብሎ ሊያግዛት እጁን ዘረጋ። እጁን በክንዷ ገፋ አደረገችው። እስከ በሩ የሸኘችው የአገር ወግ ሆኖባት ነው።

«አባቴ ምለዋልና ያስገቡህ ይሆናል» አለችው። «እኔ ግን አልማልኩም።»

የሞጣውን መንገድ ሙሉ ያንን ቃል ይዞ ሄደ። በፈረንጁ ላይ የነበረው ቅናት የት እንደ ገባ አያውቅም። በቦታው ፍርሃት ተቀምጦ ነበር፤ እስከ ዛሬ በምናቡ ሲያጣት ኖሮ አሁን በእውነት ሊያጣት ነው።

*

ጥርና የካቲት እንዴት እንዳለፉ ፋንታን ባትጠይቁት ይሻላል። ደብዳቤ ጽፎ ቀደደ፤ ጽፎ ቀደደ። ያዘነው ፊቱ ሲያስጨንቃቸው እናቱ ወይዘሮ አገሬ ጠበል ሊወስዱት አስበው ነበር።

መጋቢት መገባደጃ ላይ፣ ከትምህርት ቤት ሲመለስ፣ ቤታቸው በር ላይ ሀብትነሽ ቆማ አገኛት። ወደ ውስጥ ሲገባ ሰብለ ወንጌል፣ የግራዝማች ልጅ፣ ከአባቱ የሸማ ጉድጓድ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። ከቢቸና በጭነት መኪና ጋቢና ተቀምጣ ስትመጣ ጣሳዋ ከጭኗ አልወረደችም። አባቱ መወርወሪያቸውን ይዘው ደርቀዋል፤ እናቱ የሚያስቀምጡበት አጥተው ይንቆራጠጣሉ። ሰብለ ወንጌል አባቱን ስለሚሠሩት ጥለት እየጠየቀች ነበር።

ወላጆቹ ነገሩ ገብቷቸው ወደ ጓሮ ወጡ። ፋንታ ጣሳዋን አየ። ከአሸዋው መሐል ትንንሽ፣ ብርቅርቅ ያሉ አረንጓዴ ቅጠሎች ወጥተዋል፤ አንዷ ጫፍ ላይ ገና ያልተከፈተች አፍ አለች።

«አንደኛው ስባሪ በሰበሰ» አለች። «ይህኛው ተረፈ።»

«ግራዝማች ምን አሉ?»

«አላዩም። ቅጠል ስታወጣ ከአጥሩ ላይ አንሥቼ ከቤቱ ጀርባ ፀሐይ የሚያገኛት ቦታ አዞርኳት። መጀመሪያ ለአንተ ላሳይህ ፈልጌ ነው። ያን ቀን ልትጠይቀኝ የሚገባህን አሁን ጠይቀኝ።»

«አሁንማ ምን እጠይቅሻለሁ፤ እውነቱን ሰማሁ።»

«የሰማኸው የአባቴን መሐላ ነው። እኔን አልጠየቅኸኝም። ጠይቀኝ ፋንታ።»

ዐይኑን ከጣሳዋ ሳያነሣ ጠየቃት። «ሚስተር ፖልን... ወደሽው ነበር?»

«አዎን» አለች።

ፋንታ የጠበቀው ይህን አልነበረም። ከታኅሣሥ ጀምሮ ራሱን ሞኝ ነህ፣ በከንቱ ነው የቀናኸው ሲል ከርሟል። አሁን ያ የተወው ቅናት ከእግሩ ጣት ተነሥቶ ራሱ ላይ ወጣ።

«አንተ ቢቸና ሳትመጣ ነው። እንግሊዝኛ ያስጠናኝ ነበር። አንድ ክረምት ልቤ ከእሱ ጋር ዋለ። እሱም አላወቀ፤ እኔም ትንፍሽ አላልኩ። በራሱ ጊዜ ጠፋልኝ። ከዚያ አንተ መጣህ፤ አንተን ስወድ አንድ ክረምት ብቻ የሚበቃኝ አልሆነም። ለፋሲካ ይመጣል መባሉም እውነት ነው። ቤታችን ይገባል፤ ይህችንም ያያታል።» ጣሳዋን መሬት ላይ አስቀመጠች። «መዋሸት እችል ነበር። ዋሽቼ ካገባሁህ ግን ዕድሜ ልኬን በየአጥሩ ላይ የምትነቅለው ስፈልግልህ መኖሬ ነው። ይህን ሰምተህ መቀመጥ ካልቻልክ አሁኑኑ ንገረኝ። ተክሏን ለአባቴ ሳላሳይ እመለሳለሁ፤ መሐላቸውም እንደ ተኛ ይቅር።»

ፋንታ ውጭ ወጥቶ መሄድ አማረው። ያንን ክረምት ከዓመቶቹ መሐል ነቅሎ መጣል አማረው። ምን ተባብለው እንደ ሳቁ፣ በየትኛው ወንበር እንደ ተቀመጡ፣ ሁሉን መጠየቅ አማረው። ዐይኗን ሲያይ ግን ፈርታለች። ያቺ አባቷን ያልፈራች፣ በሸማኔ ቤት በርጩማ ላይ ስትቀመጥ ያላፈረች ሴት፣ የእሱን አንድ ቃል ፈርታ እጆቿን ጨብጣለች። በሕይወቱ ይህን ያህል ያከበረው ሰው እንደሌለ ገባው።

«ያማል» አላት።

«አውቃለሁ።»

«ለግራዝማች መቼ ታሳያቸዋለሽ?»

«ነገ እንደ ደረስኩ።»

«እንግዲያው ሽማግሌዎቹ ለዳግማ ትንሣኤ ይመጣሉ። እንግዳችሁም ካልሄደ ይቀመጥና ይስማ።»

ሰብለ ወንጌል ፊቷን በነጠላዋ ጫፍ ሸፈነች። ፋንታ መሬት ላይ፣ ከእግሯ አጠገብ ቁጭ አለ። ቅናቱ አልለቀቀውም፤ እዚያው ደረቱ ውስጥ እየቆጠቆጠው ነበር። እጁን ዘርግቶ እጇን ያዘ፤ እሷም አልገፋችውም።